ጠያቂ የሌለው እስረኛ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከ55ቱ የጾም ቀናት ውስጥ አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ተብሎ እንደሚጠራ ታውቃላችሁ። ታሪኩም የታወቀ ነው። በኢየሩሳሌም በበጎች በር አጠገብ አንዲት መጠመቂያ ነበረች፤ ዙሪያዋን በሽተኛ ሞልቶባት ሁሉም ውኃው የሚናወጥበትን ሰዓት ይጠብቅ ነበር (ዮሐ. 5፥1-9)። ከእነዚያ መካከል 38 ዓመት በደዌ የኖረ አንድ ሰው ነበር። ጌታችን መዳን ይወድ እንደሆነ ሲጠይቀው አዎን ብሎ አልመለሰም። የመለሰው ሰው እንደሌለው ነው። እስኪ ልብ በሉ፤ ይህ ሰው የወደቀው በረሃ ላይ አይደለም። ቀኙም ግራውም ሰው ነው። ቀንም ሌሊትም በሰው ትንፋሽና በሰው ጩኸት መካከል ነው የሚኖረው። ያም ሆኖ ሰው የለውም።

እንዲህ ያለ ቦታ ዛሬም አለ። አሁን ማረሚያ ቤት እንለዋለን፤ አባቶቻችን ወህኒ ይሉት ነበር፤ ከጣልያንኛ ተወስዶም ከርቸሌ ተብሎ ኖሯል። እዚያ የገባ ሰው ብቻውን የሚሆንበት ጊዜ የለውም። ሲተኛ ጎንና ጎኑ ሰው ነው፣ ሲበላ ሰው ያየዋል፣ ሲያለቅስም ሰው ይሰማዋል። ነገር ግን እስረኛ ከእስረኛ ጋር ሲተዋወቅ ቶሎ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ «ጠያቂ አለህ?» የሚል ነው። ጠያቂ ማለት ስንቅ ቋጥሮ፣ መታወቂያውን ይዞ፣ ተሰልፎ፣ ተፈትሾ፣ ስምህን ለጥበቃው ነግሮ የሚያስጠራህ ሰው ማለት ነው። ጠያቂ ያለው ስሙ ሲጠራ ብድግ ብሎ ይሮጣል። የሌለው ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል፤ በሁለተኛው ዓመት እንዳልሰማ ይሆናል፤ በሦስተኛው ዓመት የጠያቂ ቀን ሲሆን ተሸፋፍኖ ይተኛል።

አሁን የቤተ ክርስቲያናችንን ሥርዓት ተመልከቱ። መጻጉዕ ባለፈ በሳምንቱ የሚመጣው እሑድ ደብረ ዘይት ነው፤ የጌታችን ዳግም ምጽአት የሚነገርበት ዕለት። ሰው የሌለው ሰው ታሪክ በተነበበ በስምንተኛው ቀን፣ ዳኛው በዙፋኑ ተቀምጦ ምን ብሎ እንደሚጠይቀን እንሰማለን። ከሚጠይቀን መካከል ደግሞ እስር ቤት ነበርሁ፣ መጣችሁ ወይ? የሚል አለበት (ማቴ. 25፥31-46)። ቅዱሳን አባቶቻችን ሁለቱን እሑዶች እንዲህ ጎን ለጎን ማድረጋቸውን ሳስብ፣ በመካከል ያለችው ስድስት ቀን ለእግራችን የተሰጠች ትመስለኛለች።

ጌታ በዚያ ወንጌል የቆጠራቸውን ሥራዎች አንድ በአንድ እዩአቸው። ለተራበው ምን ተደረገለት? በላ። ለተጠማው? ጠጣ። የታረዘው ለበሰ፣ እንግዳውም ማደሪያ አገኘ። እስረኛው ግን አልተፈታም! አስፈታችሁኝ አላለም። ጠበቃ አቆማችሁልኝ፣ ዋስ ሆናችሁኝ አላለም። ወደ እኔ መጣችሁ ነው ያለው። መፍታት የዳኛ ሥልጣን ነው፣ መምጣት ግን ከማናችንም አቅም አያልፍም። እግር ያለው ሁሉ ሊያደርገው የሚችል ሥራ ስለሆነ ይመስለኛል ሰበቡ የበዛብን።

ደግሞም ጌታ ምን አድርገህ ታሰርህ የሚለውን ነገር አላነሣም። አንዳንድ ሰዎች «ይህ የተነገረው ስለ ሃይማኖታቸው ለታሰሩት ነው» ይላሉ። ስለ ስሙ የታሰሩትን መርዳት ከጥንት የታዘዘ ነው፤ ዲድስቅልያም ምእመናን እንዲህ ያሉትን ከወዛቸው እንዲደግፉ ያዝዛል። እኛም በቅርቡ ዘመን እንኳ ብዙ አይተናል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ፣ የኢትዮጵያ ሁለተኛው ፓትርያርክ፣ በ1968 ዓ.ም. ታስረው በ1971 ዓ.ም. ተገድለዋል። እስራት የቤተ ክርስቲያንን ራስ ሳይቀር ነክቷል። ነገር ግን ጌታ ከእኔ ታናናሾች ሲል የታናሾቹን መዝገብ ከፍቶ ጥፋተኛና ንጹሕ ብሎ አልለየልንም። እኛ ደግሞ ከችሎቱ ቀድመን እንለያለን።

ወገኖቼ፣ እስረኛን መጠየቅ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይደለም። ከመጽሐፍ ቅዱስ ብንጀምር እንኳ የእስረኛ ጠያቂዎች አለቃ የምንለው ኢትዮጵያዊ ነው፤ አቤሜሌክ! ነቢዩ ኤርምያስን መኳንንቱ ውኃ በሌለበት ጭቃማ ጉድጓድ ውስጥ ጥለውት ነበር። በንጉሥ ሴዴቅያስ ቤት የሚያገለግለው ይህ ጃንደረባ ሰማ። ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ነበርና ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ሄደ፣ በግልጥ ተናገረለት፣ 30 ሰዎችም ተሰጡት (ኤር. 38፥7-13)። እስከዚህ ያለው ድፍረት ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው። ገመድ ይዞ ብቻ አልሄደም። ወደ ዕቃ ቤት ገብቶ አሮጌ ጨርቅ፣ ያለቀ ልብስ ለቃቀመ። ያንን ለኤርምያስ አወረደለትና ገመዱ እንዳይከረክረው ከብብቱ ሥር እንዲያደርገው ነገረው። ሠላሳ ሰው ይዞ የመጣ ሰው በአንድ ጉተታ አውጥቶ መሄድ ይችል ነበር እኮ! እርሱ ግን የነቢዩ ብብት እንዳይላጥ አሰበ።

በማረሚያ ቤት የሚያገለግል ካህን ሥራው ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ያንን አሮጌ ጨርቅ አሳያችኋለሁ። የሕግ ገመድ አለ፤ ይጎትታል፣ ይከረክራል። ካህኑ ገመዱን አይበጥስም። በገመዱና በሥጋው መካከል ጨርቅ ያደርጋል። ኤርምያስም እኮ ከጉድጓዱ ወጣ እንጂ ነጻ አልወጣም፤ በዘበኞቹ አደባባይ እንደተቀመጠ ቆየ ይላል መጽሐፉ። አቤሜሌክ ሳያስፈታው እንኳ እግዚአብሔር ሥራውን ቆጠረለት፤ ከተማዪቱ ስትጠፋ እርሱ እንደማይጠፋ ቃል ተሰጠው (ኤር. 39፥15-18)። በቤተ ክርስቲያናችንም ጥፋቷን እንዳያይ 66 ዓመት እንዳንቀላፋ ይተረካል።

ዮሴፍንም አስቡት። እርሱ ራሱ እስረኛ ሆኖ እስረኞችን ያገለግል ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሲገባ የጠጅ አሳላፊውና የእንጀራ አዛዡ ፊት ጠቁሮ አየና ለምን እንዳዘኑ ጠየቃቸው (ዘፍ. 40፥6-7)። ሕልም መፍታቱ በኋላ የመጣ ነው። መጀመሪያ ያየው ፊታቸውን ነው። በእስር ቤት የሰውን ፊት አይቶ «ምነው ዛሬ?» የሚል ማን አለ? ቁጥር የሚቆጥር አለ፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ የሚል አለ። ፊት የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

እኔ ዲያቆን ነኝ፤ ኑዛዜ መቀበል የእኔ ሥልጣን አይደለም፣ የካህኑ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ መጽሐፍና መስቀል ለያዙ አባቶች ቦርሳ ተሸክሜ በመከተል ያየሁትን ያህል ነው። ካህኑ ወደ ማረሚያ ቤት ሲገባ አስቀድሞ ያስተምራል፣ ጸሎት ያደርሳል፣ ጠበል ይረጫል። ይህ በሁሉ ፊት የሚደረግ ነው። ዋናው ሥራ ግን ከዚያ በኋላ፣ ጥግ ላይ፣ በዝግታ የሚደረገው ነው። አንዱ ይመጣና «አባ፣ ንስሐ ልግባ» ይላል። ንስሐ ሲገባ ቀኖና ይሰጠዋል። እዚህ ላይ የካህኑ ጥበብ ይታያል። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ በሚተኛበት ክፍል ውስጥ «በየሌሊቱ መቶ ስገድ» ተብሎ ቢታዘዝ የት ይሰግዳል? «ለድሃ መጽውት» ቢባል ከየት አምጥቶ? አስተዋይ አባት ስንቅ ለሚመጣለት «ጠያቂ የሌለውን አንድ ሰው ፈልግና አብራችሁ ብሉ» ይለዋል። ማንበብ ለሚችለው «ፊደል ያልቆጠረውን አስቆጥረው፣ ደብዳቤ ጻፍለት» ይለዋል። ጸብ ለሚወድደው «ተራህ ሲደርስ ውኃ ለመቅዳት መጨረሻ ቁም» ይለዋል። ከዚህ ሌላ ምን ምጽዋት አለ?

የማይሠራውም አለ። ካህኑ ጠበቃ አይደለም፤ «ዳኛውን አናግሩልኝ» ቢባል ይህ የእርሱ ሥራ አይደለም። ሰላይም አይደለም፤ በንስሐ የሰማውን ለማንም አያወጣም፣ ማንም ቢጠይቀው። ከሕግ ውጪ ዕቃና መልእክት አያመላልስም። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ቢገኝበት እርሱ ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ከኋላው ለሚመጡት አባቶች ሁሉ በሩ ይጠባል። ይህን የምጽፈው እንዲያው ለማስጠንቀቅ ብቻ አይደለም። በሩ የተከፈተ መሆኑን እንድታውቁም ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 እስረኞች ከትዳር ጓደኛቸው፣ ከዘመዶቻቸውና ከጓደኞቻቸው፣ ከሐኪማቸውና ከሕግ አማካሪያቸው ጋር የመገናኘት መብት እንዳላቸው ሲደነግግ የሃይማኖት አማካሪንም አብሮ ቆጥሯል። የተባበሩት መንግሥታትም በ2008 ዓ.ም. በኔልሰን ማንዴላ ስም ያወጣው ስለ እስረኞች አያያዝ የሚናገር ደንብ አለ፤ እስረኛ ከሃይማኖቱ አባት ጋር መገናኘት እንዳይከለከል ይላል፤ እስረኛው አልፈልግም ካለ ደግሞ አለመፈለጉ እንዲከበርለት ያዝዛል። ማንዴላ 27 ዓመት የታሰሩ ሰው ናቸውና በስማቸው መጠራቱ ተገቢ ነው። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ለእኛም ትምህርት ናት። ጌታ እንኳ መጻጉዕን ከመፈወሱ በፊት ፈቃዱን ጠይቆታል። እኛ ግን አንዳንዴ ሰው የማይሸሽበት ቦታ ስላገኘን ደስ ብሎን ሁለት ሰዓት እንሰብካለን።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ባለቤቱ እንዲነገር ፈቅዷል፤ ስሙንና አገሩን ግን አልጠራም። በአንድ ማረሚያ ቤት የሚያገለግሉ አንድ ቄስ አሉ፣ ሸምገል ያሉ፣ ሲስቁ ጥርሳቸው የማይታይ። እርሳቸው ዘንድ አንድ እስረኛ እየመጣ ይቀመጥ ነበር። ንስሐ አይገባም፣ መስቀልም አይሳለምም። ዝም ብሎ ይቀመጥና ሲሄዱ «አባ፣ ወደኛ አገር ዝናብ ጣለ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላ ወሬ የለውም። እርሳቸውም ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ ከዚያ አገር የሚመጣ የመኪና ረዳት እየፈለጉ ስለ ዝናቡ ይጠይቁ ጀመር። «ጥሏል አሉ፣ ጤፉም ደህና ነው» ይሉታል። ይህ ነገር ከመስከረም እስከ ዐቢይ ጾም ቀጠለ።

በጾሙ አንድ ቀን ሰውየው መጥቶ «አባ፣ በቅዳሴ ጊዜ ስሜን ይጠሩልኛል?» አላቸው። «እሺ፣ የክርስትና ስምህ ማን ነው?» አሉት። ዝም አለ። ቆይቶ «አላውቀውም፤ እናቴ ናት የምታውቀው» አለ። እናቱን ከታሰረ ጀምሮ አላያትም። የታሰረበት ምክንያት ወንድሙን በመሬት ድንበር ተጣልቶ በመግደሉ ነው። የገዳይም እናት፣ የሟችም እናት አንዲት ናት።

ቄሱ በትንሣኤ ማግስት ለሌላ ጉዳይ ወደዚያ ወረዳ ሲወርዱ እናቲቱ ቤት ደረሱ። በመጀመሪያ ቡና አፈላችላቸው፤ የልጇን ስም ሲያነሡ ግን ረከቦቱን ትታ ተነሥታ ወጣች። ቄሱ ብቻቸውን ቁጭ እንዳሉ ቡናው ቀዘቀዘ። ምን ይናገሩ? «ይቅር በይው» ለማለት አንደበቴ አልታዘዝ አለኝ ብለው ነግረውኛል፤ እኔም ትክክል ነበሩ እላለሁ። ሲመሽ ተመለሰች። «አባ፣ ምን ፈልጎ ነው የላከዎት?» አለች። «ምንም አልላከኝም። የክርስትና ስሙን ጠይቄው ጠፋበት፤ አንቺ ታውቂያለሽ አለኝ» አሏት። ብዙ አለቀሰች። ከዚያ የሁለቱንም ስም ነገረቻቸው። «የዚያንኛውንም አብረው ይጥሩት» አለች።

ሄዳ ልጇን አልጠየቀችውም። እስካሁንም አልሄደችም። ማንም እንድትሄድ ሊያስገድዳት አይገባም። ቄሱ ግን በሳምንቱ ወደ እስር ቤቱ ሲገቡ ሰውየውን በዚያ ስም ጠሩት፤ እርሱም እዚያው መሬት ላይ ተንበረከከ። ንስሐ የገባው ያን ዕለት ነው። ምን እንደተናገረ እርሱና ንስሐ አባቱ፣ እግዚአብሔርም ያውቃሉ።

ይህን ስታነቡ «የተበደሉትስ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልጁ የተገደለበት፣ ልጇ የተደፈረባት፣ የዕድሜ ልክ ጥሪቱ የተዘረፈበት ምእመን ይህን ጽሑፍ ገዝቶ ያነብ ይሆናል። ለእናንተ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። በዳያችሁን ሂዱና ጠይቁ ብዬ ሸክም አልጭንባችሁም፤ እናንተን የሚጠይቅ አባት ያስፈልጋችኋል፣ ይህም የቤተ ክርስቲያን ግዴታ ነው። እንዲያውም እስረኛውን ለመጠየቅ የሚሮጥ ማኅበር የሟች ቤተሰብ ቤት ደርሶ የማያውቅ ከሆነ አካሄዱን ይመርምር። ነገር ግን አንድ ነገር እንድታዩልኝ እለምናለሁ። ንስሐ ፍርድን ማስቀረት አይደለም። ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ጌታ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው (ሉቃ. 19፥8)። ማንም ቤቱ ባይገባ ኖሮ መመለስ ትዝም ላይለው ይችል ነበር። ማንም ያልጠየቀው እስረኛ አብዛኛውን ጊዜ በልቡ ሲሟገት ነው የሚኖረው፤ ጥፋቱን ለሌላ ሲሰጥ፣ በቀል ሲያሰላ። ጥፋቴ ነው የሚል ቃል ከአፉ እንዲወጣ የሚሰማው ሰው ያስፈልገዋል።

ፈያታዊ ዘየማንን ተመልከቱት። የሚገባንን ተቀበልን ብሎ በአንደበቱ መሰከረ (ሉቃ. 23፥41)። ጌታም ገነትን ሰጠው። ከመስቀሉ ግን አላወረደውም! ችንካሩ ቀረለት አይልም። እስከ መጨረሻው እዚያው ተሰቅሎ ሞተ። ነገር ግን አጠገቡ የተሰቀለ ነበረው፣ ብቻውን አልሞተም። ሕግም ሳይሻር፣ ነፍስም ሳትጠፋ ማለት ይህ ነው።

ሌላም መከራከሪያ አለ። «ብትጠይቀውም አይለወጥም፣ ይጠቀምብሃል፣ ሲወጣ መልሶ ይሰርቅሃል።» ይህ አንዳንዴ እውነት ነው፣ አልዋሽም። ሊቃውንቱ ስለ መጻጉዕ ምን ብለው እንደሚተርኩ ታውቃላችሁ? በዕለተ ዓርብ በሊቀ ካህናቱ ፊት ጌታን በጥፊ የመታው ያ 38 ዓመት ታሞ የተፈወሰው ሰው ነው ይላሉ። የዳነችው እጁ ናት የመታችው። ጌታችን ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው ወደ መጠመቂያዪቱ የወረደው? ያውቅ ነበር፤ ወረደ። እኛ የምንጠይቀው እስረኛ በጥፊ ቢመታን እንኳ ከጌታ የተለየ ነገር አልደረሰብንም።

እሺ፣ ምን እናድርግ? የሚል ካለ፣ ከትንሹ ልጀምር። ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የሚወድደውን ጾም ሲናገር የእስራት ነገር አስቀድሞ ነው የመጣለት፤ እንጀራ መቁረስን ከዚያ ቀጥሎ ነው ያነሣው (ኢሳ. 58፥6-7)። በእነዚህ 55 ቀናት ከሥጋና ከወተት፣ ከቅቤና ከዕንቍላል ስንት ብር እንደቀረልን ብናሰላው ለአንድ ሰው ሳሙናና ነጠላ ጫማ ይበቃል። ሳሙና ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሐዋርያው ጳውሎስ ከእስር ቤት ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የለመነው በርኖሱንና መጻሕፍቱን ነው (2ጢሞ. 4፥13)። ስለ ምሥጢረ ሥላሴ የጻፈ ሐዋርያ ብርድ ይሰማው ነበር።

ስትሄዱ መታወቂያ ያዙ። ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከየቦታው የተለያየ ነው። በአንዳንድ ቦታ ያመጣችሁትን ምግብ እዚያው ቅመሱ ትባላላችሁ፤ ለጥንቃቄ ነው፣ አትቆጡ። «ሰዓት አልደረሰም፣ ጾመኛ ነኝ» የሚል ሰው ከጥበቃው ጋር ሲከራከር አይቻለሁ። ለዚህ የሚሻለው የሚበስለውን ትቶ የታሸገ ነገር ወይም ልብስ መያዝ ነው፣ አለዚያም ንስሐ አባትን አስቀድሞ መጠየቅ። ጥበቃዎቹንም በትሕትና አናግሯቸው፤ እነርሱም ቀኑን ሙሉ የሚውሉት እዚያው ግንብ ውስጥ ነው። በፊልጵስዩስ ጳውሎስና ሲላስ ታስረው ሳሉ በዚያች ሌሊት የተጠመቀው የወህኒው ጠባቂ ነበር (ሐዋ. 16፥25-34)።

ከእስረኛው ጋር ስትገናኙ «ምን አድርገህ ገባህ?» አትበሉ። እርሱ ካነሣው ስሙት፣ ካላነሣው ተዉት። ሲያወሩ ሰዓት አትዩ። ደግሞ እባካችሁ፣ ፎቶ የማንሣቱን ነገር ተዉት! በፋሲካ ዋዜማ ባነር ዘርግቶ፣ ለእስረኛ ዳቦ ሲያቀብል ተነሥቶ፣ በማግስቱ በስልክ መልቀቅ እየተለመደ መጥቷል። ያ ሰው ልጆች አሉት፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይውላሉ። ሄኔሲፎሩ የሚባለው ሰው ጳውሎስን ሮሜ ድረስ ሄዶ ፈልጎ ሲያገኘው፣ ጳውሎስ ያመሰገነው በሰንሰለቴ አላፈረም ብሎ ነው (2ጢሞ. 1፥16-17)። አለማፈር እንጂ መታየት አልተነገረለትም። በዓል ጠብቆ የሚመጣ መቶ ሰው በየወሩ ከሚመጣ አንድ ሰው ጋር አይወዳደርም። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ ግን የሚያገለግሉትን አባቶች ብትጠይቋቸው የተለየ የሚነግሯችሁ አይመስለኝም።

ለእህቶችና ለእናቶች አንድ ነገር ለይቼ ልናገር። ሕፃን ታቅፈው የታሰሩ እናቶች አሉ። ሕፃኑ ምንም አልበደለም። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ጥምቀት አለበት፤ ቀኑ ሲደርስ እናቲቱ ክርስትና አባት፣ ክርስትና እናት ከየት ታምጣ? ዘመድ ሸሽቷታል። ካህኑ አለ፣ ውኃው አለ፣ የሚያነሣ እጅ ጠፋ። ይህን ስታነብቢ ልብሽ ከነገረሽ ወደ ሰበካ ጉባኤ ቢሮ ሂጂና «እኔ አነሣለሁ» በያቸው። የእግዚአብሔርን ልጅ አንስተሽ የእስረኛ ልጅ ነው አትበዪም።

መሄድ የማትችሉ፣ በዕድሜ የገፋችሁ፣ የታመማችሁ፣ በስደት አገር ያላችሁ፣ ስም መያዝ ትችላላችሁ። ቅዱስ ጴጥሮስ ታስሮ ሳለ ቤተ ክርስቲያን ስለ እርሱ ስትጸልይ ነበር (ሐዋ. 12፥5)። መዝሙረኛውም የሙቁሓን፣ የእስረኞች ማለት ነው፣ ለቅሷቸው ወደ እግዚአብሔር ፊት እንዲገባ ለምኗል (መዝ. 78፥11)። ከአንድ እስረኛ የክርስትና ስም ተቀብላችሁ በየቀኑ በጸሎታችሁ ጥሩት። ለእርሱም ይነገረው። በውጭ አንዲት የማያውቃት ባልቴት ስሙን እንደምትጠራው ያወቀ ሰው ሌሊቱ ያጥርለታል።

አዲስ አበባ ውስጥ ዓለም በቃኝ የሚባል እስር ቤት ነበር፤ የዕድሜ ባለጸጎች ታውቁታላችሁ። በዚያ ግቢ በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. 60 ያህል ባለ ሥልጣናት ያለ ፍርድ ተገድለዋል። አሁን ፈርሶ በቦታው በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት ቆሞበታል። ስሙ ሲታሰበኝ ይገርመኛል። ዓለም በቃኝ መነኩሴም የሚለው ቃል ነው። መነኩሴው ግን በፈቃዱ ይለዋል፣ ሲለውም አባቶችና ወንድሞች ከበውት፣ ቆብና ስም ተሰጥቶት ነው። እስረኛው ዓለም በቃኝ ብሎ አልገባም። ዓለም ናት በቃኸኝ ያለችው።

ለዚህ ነው የመውጫው ቀን ከመግቢያው ይልቅ የሚከብደው። ሰውየው ፍርዱን ጨርሶ፣ ፌስታሉን አንጠልጥሎ በሩ ላይ ይቆማል። ወዴት ይሂድ? ሰፈሩ ቢመለስ ልጆች ከበር ወደ ውስጥ ይጠራሉ። ዕድሩ ስሙን ሰርዞታል። ሥራ የሚሰጠው የለም። ቤተ ክርስቲያን ቢመጣ እንኳ አጠገቡ የቆመው ሰው ቦርሳውን ወደ ደረቱ ያስጠጋል። ሐዋርያው ጳውሎስ በእስራቱ ሳለ ስለ ወለደው ስለ አናሲሞስ ለፊልሞና ሲጽፍ «ተቀበለው» ብሎ ብቻ አልተወም፤ ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቍጠረው አለ፣ እኔ እከፍላለሁ ብሎም በገዛ እጁ ፈረመ (ፊልሞ. 10-19)። ለተፈታ ሰው እንዲህ የሚፈርም ያስፈልገዋል። አንድ የቤት አከራይ፣ አንድ የጋራዥ ባለቤት፣ አንድ የዕድር ሊቀ መንበር። ካህኑ እስከ በሩ ድረስ ያደርሰዋል፤ ከበሩ ወዲህ ያለው ሰፈር የእናንተ ነው።

የማረሚያ ቤት አገልግሎት ያለው ደብር በአቅራቢያችሁ እንዳለ ንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ከሌለም ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ወይም ለሰበካ ጉባኤው አመልክቱ፤ ሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ጽፎ ፈቃድ እስኪያገኝ ጊዜ ይወስዳልና ደብረ ዘይት ሳይደርስ ጀምሩት። ጠያቂ የሌላቸውን ስም ካህኑ ያውቀዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።